የተፈቀደ ስሕተት

በየመስከረሙ አንድ ይልኩልኛል፣
ዩኒቨርሲቲው ነው፤ «ለዓመት ያዘው» ይለኛል።
ጌትስሄድ፣ ከታይን ወንዝ ዳር፣ ከፓምፑ ፋብሪካ፣
ስንቱን ተቀብዬ ስንቱን ሸኝቻለሁ ለካ!

እኔ ከትበርት ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ፣
አለቃ ሲፈራረቅ መፍቻዬን ይዤ ያየሁ።

ያምናዋ ኔሪስ ነበረች፤ ከዌልስ ሸለቆ፣
ሦስት ዓመት ቀመር ስታጠና ዓይኗ ደርቆ።
የሥራ ጫማ ብትጠይቅ ከዕቃ ቤት፣
ያለው የወንድ ብቻ፤ ሁለት ቁጥር በለጣት።
ጋዜጣ አጣጥፋ ጠቀጠቀችው ከፊቱ፣
እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደች ገባች በጠዋቱ።

ስለ ደሞዙ ልንገርህ።
ድሮ በነጻ ነበር የሚሠሩት።
ሊዮፖልድ የሚባል ልጅ ነበር፣ ከሲታ፣
ምሳ ሲደርስ «ጠግቤአለሁ» ብሎ ከግቢ የሚወጣ፣
ወንዙን ሲያይ ቆይቶ ደወል ሲሰማ የሚመጣ።
ሥራ ቢያበላሽስ?
ሳንቲም ያልሰጠኸውን በምን አፍህ ትወቅሰዋለህ?
«አይዞህ፣ እናመሰግናለን» ብለህ መጥረጊያ ታቀብለዋለህ።
ዓመቱን ሙሉ ጠረገ። ተመሰገነ። ሄደ።
ከመሐንዲስነቱ ይልቅ መጥረጉን ለመደ።

አሁን ይከፈላቸዋል። ብዙ አይደለም፣ የእኔን ግማሽ አይሞላ።
ኔሪስ የደሞዝ ወረቀቷን ይዛ፣ ከማሽኑ ኋላ፣
ሦስቴ አነበበችው፤ ግብሩን፣ ጡረታውን፣ ሽራፊውን፣
«ስሜን ሳይሳሳቱ ጽፈውታል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።
ቅዳሜ ልኳ የሆነ ጫማ ገዛች።

ኅዳር ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ከሥዕሉ ቁጥር ጎን ምልክቱ ቢገለበጥ፣
መደመሩን መቀነስ ብላ ቶርኖውን ስታዘው፣
ዐሥራ ሁለት ዘንግ ቀጠነ፤ ከሁለት ጸጉር አይበልጥም፣
ግን ፓምፑ ምኑን ሊይዘው?

ወይዘሮ ኦልድሮይድ መጣች፣ የምርቱ ኃላፊ፤
ጩኸት የማታውቅ ሴት ናት፣ ዝምታዋ ግን ገራፊ።
ዘንጉንና ማይክሮሜትሩን አቀበለቻት። «ለኪ» አለች።
ለካች።
«ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»
ነገረቻት።
«ከመጀመሪያው ዘንግ በኋላ ብትለኪ፣ ስንት ይተርፈን ነበር?»
«ዐሥራ አንድ» አለች ልጅቱ፤ ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር።

ማታ እኔ ዘንድ መጥታ «ከደሞዜ ቁረጡ» ስትል፣
ሳቄን ዋጥኩና ሥዕሉን ዘረጋሁላት፤ «አየሽ?» ልል።
«ከቁጥሩ ሁሉ ጎን ይህች ትንሽ ቁጥር ምን ትላለች?
ይህን ያህል ብትስት ይቅር፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይሆንም ትላለች።
የነደፈው ሰው ብረት እንደሚያብጥ፣ እጅ እንደሚዝል ያውቃል፣
ስሕተትን አልከለከለም፤ ልክ ሰጥቶታል።
ደሞዝሽም እንደዚያው ነው፤ ዐሥራ ሁለቱ ዘንግ ታስቧል።
ተቆጡሽ አይደል ዛሬ? እንኳን ደስ አለሽ!
በነጻ ብትሠሪ ኖሮ፣ ይኸኔ መጥረጊያ ነው የያዝሽ።»

ሐምሌ ላይ ጓደኞቿ ተመረቁ፤ ጥቁር ካባ ለብሰው፣
ፎቷቸውን ላኩላት፣ ባርኔጣ ወደ ሰማይ ወርውረው።
እሷ ፓምፕ ሥር ተጋድማ፣ ግራሶ እስከ ክርኗ፣
ስልኩን እኔ ያዝኩላት፤ ለረጅም ጊዜ ቆየ ዓይኗ።
ቀናች መሰለኝ፤ ልትጸጸትም ትችል ነበር፤ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።
«ካባው ኪስ የለውም» አለችና፣
«ዐሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ።»
አቀበልኳት።

ነሐሴ መጨረሻ ሄደች። ከተበላሹት ዘንጎች አንዱን
በር እንዳይዘጋ አስደግፌበታለሁ፤ ሌሎቹን እቶን በላቸው።

ትናንት ካርድ ደረሰኝ፣ ጽሑፏ እንደ ድሮው የተንጋደደ፦
«ፕሮፌሰሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ዘንግ ሣለና፣
‹ፍትጊያን ቸል እንበል› አለ።
እጄን አወጣሁ።
‹እስከ ስንት?› አልኩት።»

የዘንድሮው ባርናቢ ይባላል፤ ቁመቱ በሩን ያክላል።
የኔሪስን የመጀመሪያ ጫማ ሰጠሁት፣ ጋዜጣውን አውጥቼ።
ጠቦታል።